ከስቱዲዮው በፊት 71ዱን ሰዓት አስቡልን፦ ስለ ቅይጥ ትምህርት አጀማመር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ፣
ለዩኒቨርሲቲዎችና ለኮሌጆች የአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊዎች፣
ለኮሌጅ ዲኖችና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅይጥ ትምህርትን ከአንድ ኮርስ፣ ከአንድ ምዕራፍ ስለ መጀመር

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በትምህርት ክፍላችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የአንድ ገጽ ማሳሰቢያ ነው። ማሳሰቢያው ከመጪው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ መምህር ቢያንስ አንድ ኮርስ በቅይጥ ዘዴ፣ ማለትም በየቢሮው «ብሌንድድ» በምንለው መንገድ፣ እንዲሰጥ ያዛል። ዘዴውን ላለፉት ጥቂት ዓመታት በራሴ ክፍል ስሞክረው የቆየሁ በመሆኔ ዜናውን በደስታ ነበር ያነበብኩት። ሆኖም ከሥሩ የተዘረዘሩት ተግባራት ሦስት ብቻ ናቸው፤ መምህሩ ስላይዶቹን ሲስተሙ (የዩኒቨርሲቲው የኦንላይን መማሪያ) ላይ ይጭናል፣ ቢያንስ አራት ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ይህንንም ማድረጉን የሚያሳይ ሪፖርት በወሩ መጨረሻ ያስገባል። ተማሪው ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለበትም። የራሴን ቤት ስም አልጠራም፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያስተምሩ ጓደኞቼ ጋር ስንጨዋወት ግን ይህን የሚመስል ወረቀት በእነሱም ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ስለነገሩኝ ጉዳዩን በአደባባይ መጻፍ ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

የምጠይቀው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው። በኮርስ አውትላይናችን ላይ ተቆጥሮ የሚገኘውን፣ ነገር ግን ማንም ሥራ ሰጥቶት የማያውቀውን የተማሪውን የግል ጥናት ሰዓት አስቀድመን እንሙላ፤ ካሜራውና ሲስተሙ ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ሂሳቡን ላስቀምጥ። የማስተምረው የስታቲስቲክስ መግቢያ 5 ኢሲቲኤስ፣ ማለትም የተማሪው የሥራ ጫና የሚለካበት ክሬዲት፣ ነው። በሥርዓተ ትምህርታችን አንድ ኢሲቲኤስ የተማሪው 27 ሰዓት ሥራ ተብሎ ስለሚሰላ ኮርሱ በጠቅላላው 135 ሰዓት ይይዛል። በ16 ሳምንት ውስጥ በሳምንት 3 ሰዓት የሚሰጠው ሌክቸር 48 ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንት 1 ሰዓት ቱቶሪያል ሲጨመርበት 64 ይደርሳል። የቀረው 71 ሰዓት «የግል ጥናት» ተብሎ በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ተቀምጧል። ከኮርሱ ከግማሽ በላይ የሆነው ይህ ጊዜ በየመንፈቀ ዓመቱ ይጸድቃል፣ ይፈረምበታል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ተማሪው በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ እኔም ለብዙ ዓመት አልጠየቅሁም። እውነቱ ከተነገረ ያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ባክኖ ይሰነብትና ሚድና ፋይናል ሲደርስ በሦስት አራት ሌሊት ቸክ ይጠቃለላል።

ቅይጥ ትምህርት ማለት የኮርሱን አንድ ክፍል ተማሪው በራሱ ጊዜና ፍጥነት፣ በስልኩ ወይም በኮምፒውተር እየሠራ፣ ከመምህሩ ጋር የሚገናኝበት ሰዓት ደግሞ ያን ሥራ ተከትሎ መልኩን የሚለውጥበት አካሄድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ማያያዣ ከጠፋ፣ ማለትም ተማሪው ማታ የሠራው ነገር ጠዋት ክፍል ውስጥ የማይፈለግ ከሆነ፣ ያለን ነገር የተለመደው ሌክቸርና ከጎኑ የተከመረ ፋይል ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ እኔው ራሴ ፋይል ስከምር ኖሬ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ እንደ ብዙዎቻችን እኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ የቴሌግራም መምህር ሆንኩ። ፒዲኤፍ እልካለሁ፣ የክፍል ተወካዩ ለሌሎቹ ያሰራጫል፣ አሳይመንት በፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ያ የችግር ጊዜ ሥራ ነበርና ማንም ሊወቀስበት አይገባም። ጥፋቱ የመጣው ተማሪዎቹ ከተመለሱ በኋላ ያንኑ ልማድ «ብሌንድድ» ብዬ ስም ሳወጣለት ነው። የ14 ምዕራፍ ስላይድ ጫንኩ፤ ክፍል ውስጥ የምሰጠውን ሌክቸር አርባ አርባ ደቂቃ እየቀረጽኩ አስቀመጥኩ፤ እያንዳንዱ ቪዲዮ ከ400 ሜጋባይት ያላነሰ ነበር። በሁለተኛው ወር ገደማ አንዲት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ጠብቃኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ቪዲዮው ግማሽ ላይ ሳይደርስ ፓኬጄ አለቀ። ደግሞ ያው ክፍል የሚያስተምሩን አይደል?» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ አሳዘነኝ። ሁለተኛው ግን ለብዙ ቀናት አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ልክ ነበረች። ያው ነበር።

በተከተለው ዓመት ኮርሱን በሙሉ ተውኩትና አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ማዕከላዊ ዝንባሌን (የብዙ ቁጥሮችን መሐል በአማካይ፣ በሚዲያን ወይም በሞድ መግለጽን) የሚያስተምረውን፣ አንስቼ እንደገና ሠራሁት። ለተማሪው የሰጠሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የስድስት ደቂቃ ድምፅ ነው፤ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ሲቀረጽ አንድ ሜጋባይት ተኩል አይሞላም፣ በብሉቱዝም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ሁለተኛው ድምፁን እየሰማ የሚከተለው ሠንጠረዥና ባዶ ቦታ ያለበት አንድ ገጽ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት ክዊዝ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱን ባሳይ የምለው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

በግቢያችን ዙሪያ ያሉ አምስት ምግብ ቤቶች ሽሮ በ45፣ በ50፣ በ120፣ በ40 እና በ45 ብር ይሸጣሉ እንበል። አዲስ የገባ ተማሪ «እዚህ አካባቢ ሽሮ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ሚዲያኑን ብትነግሩት ስንት ትሉታላችሁ? ምርጫዎቹ 45፣ 60 እና 120 ናቸው። 60 ያለው ተማሪ አምስቱን ዋጋ ደምሮ ለአምስት አካፍሏል፤ አማካይና ሚዲያን፣ ማለትም ቁጥሮቹ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው፣ ተምታተውበታል። 120 ያለው ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሳይደረድር መሐል ላይ የተቀመጠውን አንሥቷል። ለእያንዳንዱ ስህተት ተማሪው ክዊዙን ጨርሶ ሲልክ የምትታየው አስተያየት የተለየች ናት፤ ለ60 «ይህን ያወጣኸው 120 ብር የሚያስከፍለው ቤት ሌሎቹን ስቦብህ ነው፤ ለመሆኑ 60 ብር የሚሸጥ ቤት ከአምስቱ አለ?» ይላል፤ ለ120 ደግሞ «መጀመሪያ ደርድራቸው» ይላል። የተሳሳተ መልስ ሁሉ ስሙ የሚታወቅ ስህተት ካልሆነ ክዊዙ የቁጥር ጨዋታ ነው፤ ለመምህሩም ምንም አይነግረውም።

ጥያቄውን ከአንድ ዓመት በላይ ስጠቀምበት ቆይቼ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወረቀቱን ሲያይ ሳቀብኝ። «45 ሁለቴ አለ እኮ፤ ሞድ የፈለገውም ትክክል ይሆንልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሚዲያንን ከሞድ፣ ማለትም በብዛት ከተደጋገመው ቁጥር፣ ጋር ያምታታ ተማሪ በሙሉ በእኔ ክዊዝ ጎበዝ ተብሎ አልፎ ነበር። አንደኛውን 45 በ35 ቀየርኩት፤ ሚዲያኑ 45 ሆኖ ቀረ፣ አማካዩ 58 ሆነ፣ ሞድ የሚባል ነገር ጠፋ። ይህን ያነሳሁት መምህሩ ብቻውን በሩን ዘግቶ የሚያዘጋጀው ኮርስ እንዲህ ያለ ጉድፍ ይዞ ለዓመታት እንደሚሄድ ለማሳየት ነው። ካሜራ ከመግዛታችን በፊት የአንዱን መምህር ሥራ ሌላው የሚያይበት የአንድ ሰዓት ስብሰባ ብንገዛ የተሻለ ትርፍ ነበረው።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። ድሮ ያን ክፍለ ጊዜ የምጀምረው «የማዕከላዊ ዝንባሌ መለኪያዎች ሦስት ናቸው» ብዬ በመጻፍ ነበር። አሁን ጠዋት ከመግባቴ በፊት ማታ የተሠራውን ክዊዝ ከፍቼ አያለሁ፤ ተማሪዎቹ የበዙት 60 ወይም 58 ላይ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያን ቁጥር ብቻ እጽፋለሁና «ይህን ያላችሁ ለጎናችሁ ሰው አስረዱ» እላለሁ። ሃያ ደቂቃ ክርክር ይሆናል። ጸጥ ብሎ ሲጽፍ የኖረው ክፍል ስለ ሽሮ ዋጋ ሲጨቃጨቅ መስማት ደስ ይላል፤ በኮሪደሩ ያለፈ አንድ መምህርም ክፍሉ መምህር የሌለው መስሎት በሩን ከፍቶ እስከ ማየት ደርሷል። ትርጓሜውን ማታ ስለሰሙት እኔ ልደግመው አያስፈልገኝም፤ የምገባው ክርክሩ መውጫ ሲያጣ ነው። ድምፁን ሳይሰማ የመጣ ተማሪ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚናገረው ነገር ስለሌለው ለሚቀጥለው ሳምንት ሳይነገረው ሰምቶ ይመጣል። ማያያዣው ያልኩት ይህ ነው።

እንዲህ ያለው አካሄድ ከባሕር ማዶ የመጣልን አዲስ ነገር ተደርጎ ሲቀርብ ትንሽ እገረማለሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ሰምተው ያርሙታል፣ ሌላው ተማሪም ከዚያ እርማት ይማራል። የኔታ ጊዜያቸውን የሚያውሉት ተማሪው ብቻውን ሊሠራው በማይችለው ላይ ነው። ይህን ስል የአብነት ትምህርት ቤትን አስመስለን ዩኒቨርሲቲ እንክፈት ማለቴ አይደለም፤ ለብቻ መሥራትና በጉባኤ መታረም የተያያዙ ነገሮች መሆናቸውን ግን አባቶቻችን ሶፍትዌር ሳይኖራቸው ያውቁት ነበር ለማለት ነው።

የተቃራኒውም ምሳሌ በእጃችን አለ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ የተማርኩት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ዘመን ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት የእንግሊዝኛ ትምህርቶች በሳተላይት ይመጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ያልፋል። የሂሳብ መምህራችን ጥሩ አስተማሪ ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት ግን በሩ ዘንድ ቆመው ከእኛ ጋር ያያሉ። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አለፈ፤ በማግሥቱ የሚመጣው ቀጣዩ ነው። የስክሪኑ ሰው እሳቸው «ቆም በል፣ ይህቺ አልገባቸውም» ሊሉት የማይችሉት መምህር ነበር። መሣሪያው መጥፎ ነበር ብዬ አላምንም፤ ስዕሎቹ እስካሁን ትዝ ይሉኛል። መጥፎው ነገር ዕቅዱ ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን በአንድ ፍጥነት ያስሮጠ መሆኑና የክፍሉን መምህር ከወሳኝነት አውጥቶ ሪሞት ያዥ ማድረጉ ነው። የትምህርት ክፍላችን ማሳሰቢያ ላይ «ቢያንስ አራት ቪዲዮ» የሚለውን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ያ በሩ ዘንድ የቆሙት መምህር ናቸው።

ከዚሁ ጋር አንድ ስጋቴን ሳልሸሽግ ልናገር። በአንዳንድ ስብሰባዎች ላይ ቅይጥ ትምህርት የመማሪያ ክፍል እጥረትን ለማቃለልና የመምህራንን ሰዓት ለመቀነስ የሚያስችል ቁጠባ ሆኖ ሲቀርብ ሰምቻለሁ። የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውና ከ45 ጥናቶች የተገኙ 50 ውጤቶችን አንድ ላይ የመረመረው ሥራ ቅይጥ ትምህርት ከገጽ ለገጽ ትምህርት ብቻ የተሻለ ውጤት ማሳየቱን ሲናገር፣ ወዲያው አስከትሎ ብልጫው ከመሣሪያው የመጣ ነው ለማለት እንደማይቻል ያስጠነቅቃል፤ በብዙዎቹ ጥናቶች ውስጥ ቅይጡን የተማሩት ተማሪዎች ተጨማሪ የጥናት ጊዜና ተጨማሪ መማሪያ ነበራቸውና። ስለዚህ የክፍል ሰዓቱን ቆርጦ 71ዱን ሰዓት ባዶ የሚተው ኮሌጅ የጥናቱን ግማሽ አንብቧል ማለት ነው። የክፍል ሰዓት ሊቀነስ ይችላል፣ እኔም በአንዳንድ ሳምንት ከሦስቱ አንዱን ሰዓት ለትንንሽ ቡድኖች እርማት አውዬዋለሁ፤ የሚቀነሰው ግን ማታ የተሠራው ሥራ በእርግጥ ተሠርቶ ከታየ በኋላ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ ሁሉም ስለሚናገር ባጭሩ አልፋለሁ። ተማሪው ያለው አንድ ስልክና በላይብረሪው ጥግ የሚገኝ፣ ፈተና ሰሞን የማይገኝ፣ ዋይፋይ ነው ብለን እንነሳ። ያን ካመንን አንድ ሳምንት የሚያሠራው ትምህርት ከ10 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፤ አንዴ ወርዶም ያለ ኔትወርክ መሥራት አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚጠቀሙበት ሙድል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር ነው፤ የስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ማስቀመጥ ያስችላል፤ መምህሩ በክዊዙ ቅንብር ውስጥ አንድ ምርጫ ከከፈተም ተማሪው ዶርም ውስጥ ያለ ኔትወርክ ሠርቶ ኔትወርክ ሲያገኝ መልሱን ይልካል። በተሳተፍኩባቸው ሥልጠናዎች ይህቺን ምርጫ ያሳየኝ አልነበረም፤ ሎጎ እንዴት እንደሚቀየር ግን አሳይተውኛል። ቴሌግራምንም አልንቅም፣ ተማሪው ያለው እዚያ ነው፤ ነገር ግን ማን እንደሠራና የት እንደተሳሳተ አይነግረኝም፣ የአንዱ መልስም በአምስት ደቂቃ የሁሉም መልስ ይሆናል። ስለዚህ ለማሳወቂያ ቴሌግራምን፣ ለሥራው ሙድልን እጠቀማለሁ።

ስለ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ግን ባጭሩ ማለፍ አልችልም፤ በየመድረኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተብሎላቸው የሚታለፉ ናቸውና። በክፍሌ አንድ ዓይነ ሥውር ተማሪ ነበር፤ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን አንባቢ በላፕቶፑ ይጠቀማል። እኔ የምልክለት ሃንድአውት ከመጽሐፍ ስካን የተደረገ ስለነበር ስክሪን አንባቢው ለእሱ የሚያነበው አንድ ቃል አልነበረውም፤ ለፕሮግራሙ ገጹ ሁሉ ፎቶግራፍ ነው። ይህን የነገረኝ በአራተኛው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ድረስ የዶርም ጓደኛው ሌሊት እያነበበለት ነበር። ያንኑ ምዕራፍ በዎርድ ጽፌ፣ ርዕሶቹን በትክክለኛው ስታይል አድርጌ ስልክለት ብቻውን አንብቦ መጣ፤ የስድስት ደቂቃው ድምፅ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የጠቀመው እሱን ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ሲስተሙ ላይ እንዳይጫን አንድ መስመር መመሪያ ቢወጣ ምንም በጀት አይጠይቅም። የኮምፒውተር ላብ በ12 ሰዓት ሲዘጋ ደግሞ ማን እንደሚጎዳ አስቡበት፤ ላቡ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከፍቶ ከላብ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ መብራት ከሌለው ሰዓቱ የተራዘመው ለግማሹ ተማሪ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ። ያቺን የስድስት ደቂቃ ድምፅ ከነገጿና ከነክዊዟ ለማዘጋጀት አንድ ሙሉ ቀን ወስዶብኛል፤ ጽሑፉን መጻፍ፣ መቅዳት፣ ዶሮ ሲጮህ እንደገና መቅዳት፣ የተሳሳቱ መልሶችን ማሰብ። ይህ ሥራ በቲቺንግ ሎድ (የመምህሩ የማስተማር ጫና) ስሌት ውስጥ የትም የለም። ያንኑ ቀን በኤክስቴንሽን ተጨማሪ ኮርስ ባስተምር ኦቨርሎድ ይከፈለኛል። መምህሩ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ሂሳብ ስለሚችል ስላይዱን ጭኖ ሪፖርቱን ያስገባል፤ ሪፖርቱም እውነተኛ ነው፣ ስላይዱ ተጭኗልና። አንድ መምህር ኮርሱን በቅይጥ ዘዴ አዘጋጅቶ በሚሰጥበት የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ኮርሱ አንድ ተኩል ሆኖ ይቆጠርለት፤ በሁለተኛው ዙር ወደ አንድ ይመለስ። ሥልጠናውም በሁለት ቀን የሆቴል አዳራሽ ውሎና በአበል የሚያልቅ ከሚሆን በየግቢው ለመምህራን ስለ ማስተማር ዘዴ በሚሰጠው የኤችዲፒ (ሃየር ዲፕሎማ) ፕሮግራም ውስጥ ይግባ፤ እዚያ መምህሩ ለወራት ይመላለሳል፣ የሠራውን ምዕራፍ በራሱ ክፍል ሞክሮ ይዞ ይመጣል፣ ባልደረቦቹም ያዩለታል። የእኔን 45 ያየልኝ ዓይነት ሰው የሚገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ምዘና ላይ የሚነሳውን ጥያቄ አውቃለሁ፤ «ይኮርጃሉ» ነው። አዎን ይኮርጃሉ፤ አሁን ደግሞ ስልኩ ውስጥ መልስ የሚጽፍለት ቻትቦት አለው። የማታውን ክዊዝ ከ100 በ5 ብቻ የምይዘውና ደግሞ መሥራትን የምፈቅደው ለዚህ ነው፤ ለ5 ነጥብ የሚኮርጅ ተማሪ ጠዋት ለጎኑ ሰው ሲያስረዳ ይታወቃል፣ ሚዱና ፋይናሉም ክፍል ውስጥ በወረቀት ነው። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚወሰድ መሆኑን አስታውሱ። አራት ዓመት በወረቀት ብቻ ተፈትኖ በመጨረሻዋ ቀን ዕጣውን በሚወስነው ፈተና ላይ ማውስ ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም። በየሳምንቱ ሦስት ጥያቄ በስክሪን ላይ የለመደ ተማሪ ቢያንስ ይህን ፍርሃት ይዞ አይገባም።

ሚኒስቴሩ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾን ከተባለው ኩባንያ ጋር በመሆን በጀመረው የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ነገር እየታሰበ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ያን ጥረት ለማጣጣል የተጻፈ አይደለም። እንዲያውም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ኮርሶች በመላ አገሪቱ የጋራ በመሆናቸው አንድ ጊዜ በደንብ የተሠራ ምዕራፍ በየዩኒቨርሲቲው ሊያገለግል ይችላል። የምፈራው የጋራው ምዕራፍ የጋራ ፕላዝማ እንዳይሆን ነው። መምህሩ የሽሮውን ዋጋ በግቢው ዋጋ የሚቀይርበት፣ የማያስፈልገውን የሚያወጣበት፣ የራሱን ጥያቄ የሚያስገባበት ሥልጣን ይኑረው፤ ፋይሎቹ ሲላኩም ተቆልፈው አይላኩ።

ስለዚህ ከመጪው የሁለተኛ መንፈቀ ዓመት የኮርስ ምደባ በፊት የሚከተለው እንዲወሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ፈቃደኛ በሆኑ ሁለት መምህራን፣ በአንድ ኮርስ፣ ከሦስት ባልበለጡ ምዕራፎች ይጀምር፤ ሌሎቻችን እንድንጠብቅ ይፈቀድልን። የሚጠየቀው ሪፖርት የተጫኑ ፋይሎችን ቁጥር ትቶ ከተማሪዎቹ ስንቶቹ የማታውን ሥራ እንደሠሩ፣ የትኛው ስህተት እንደበዛና መምህሩ በማግሥቱ በዚያ ምን እንዳደረገበት ይናገር፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የኮርስ አውትላይን ቅጹ ላይ «የግል ጥናት» የሚለው ዓምድ በየሳምንቱ ተከፍሎ ተማሪው የሚሠራው ነገር የሚጻፍበት ቦታ ይደረግለት። ይህ የመጨረሻው ለውጥ የሠንጠረዥ ማስተካከያ ብቻ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራል።

የማዕከላዊ ዝንባሌውን ምዕራፍ፣ ድምፁን፣ ገጹንና የታረመውን ክዊዝ ጨምሮ፣ ለትምህርት ክፍሌ አስረክቤያለሁ፤ ሊወስደው፣ ሊቆርጠው ወይም ሊያርመው ለሚፈልግ መምህር ሁሉ እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ። ድምፁ ላይ ሦስተኛው ደቂቃ ገደማ አንድ ዶሮ አለች፤ ሳላወጣት ቀርቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስታቲስቲክስ መምህር